ልብሱ የት አለ፣ አንቺስ የት አለሽ?

መስከረም 14 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ መነጽርዎም አፍንጫዎ ላይ እያለ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴ እትዬ ስለምትልዎ እኔም ለምጄ እትዬ አልሁ እንጂ፣ የአያቴ እህት መሆንዎን አልረሳሁም። ባለፈው «ዝምድናሽን አታውቂም» ስላሉኝ ነው ይህን መጻፌ። ስልክ ብደውልም «በስልክ የተነገረ አይታረምም» ብለው ይዘጉብኛል። እንግዲህ ቀይ እስክሪብቶዎን ያዘጋጁ።

የመጨረሻው ዓመት ተጀመረ። ሚያዝያ ላይ እያንዳንዳችን ስድስት ፎቶ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንሰቅላለን፤ ፈታኞች መጥተው ያያሉ። ያንን ካላለፍሁ የምስክር ወረቀት የለም፤ የፋሽን ፎቶ እማራለሁ ብዬ ከአገር የወጣሁበት ነገር ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የላክሁልዎ አምና ካነሣኋቸው ሁሉ የምወደውን ነው። ካፖርቱን የሰፋችው የልብስ ዲዛይን የምትማር ጓደኛዬ ናት፤ የለበሰችው አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረው ልጅ ናት። ካፖርቱ ሰፊ ስለሆነባት ከጀርባዋ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስቤ ያዝሁት፤ ከፊት አያስታውቅም። ፀጉሯን የሠራሁት እኔ፣ ካፖርቱን የተኮስሁት እኔ፣ ደረጃውን የጠረግሁት እኔ። በደረጃው መስኮት የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ እስኪደርስ ከሰዓቱን ሙሉ እኔው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። መምህራችን (ወጣት ነው፤ አንቱ ስንለው ይቆጣል) ክፍሉ ፊት አቁሞ አጨበጨበልኝ።

አሁን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ለልምምድ ተመድቤያለሁ። አለቃዬ በሙያው የታወቁ ናቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ብዙ አዩትና «ቆንጆ ነው። ልብሱ የት አለ?» አሉኝ።

እትዬ፣ ልብሱ እኮ መሀል ላይ ነው! እስኪ እርስዎ ይፍረዱ።

እግርዎን አይብረድዎ።

ልጅዎ ሚጢ

ጥቅምት 6 ቀን

ለልጄ ለሚጢ፤

ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ መተዳደሪያሽ እሱ ነውና። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ስለሆነ፣ ደረጃ መውጣት ትቻለሁ።

ደብዳቤሽን አርሜ መልሼልሻለሁ። ያገኘሁት ሁለት ስሕተት ብቻ ነው፤ ይህን ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስሠራ፣ በሥሬ ከነበሩት ባለ ዲግሪዎች መካከል እንዲህ ንጹሕ ወረቀት የሚያቀርብልኝ አልነበረም።

ፎቶግራፍሽን በማጉያ መነጽር አየሁት። እንደሚታየኝ ልናገር? ልጅቷ ታምራለች። የቤቷን ቁልፍ ጥላ በሩ ላይ የቆመች ትመስላለች፤ ሳያት አንጀቴን በላችው። ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን ደግሞ ደጋግሜ አየሁት። ካፖርቱ ግን ጥቁር ይሁን ሰማያዊ አላወቅሁም። ኪስ ይኑረው አይኑረው አላወቅሁም። ከቤቴ ሥር ሱቅ ያለውን ልብስ ሰፊ አስጠርቼ አሳየሁት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ይህን አይተው እንዲህ ያለ ካፖርት ስፋልኝ ቢሉኝ፣ የምሰፋልዎ ኀዘኑን ነው።»

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ተናደድሁበት፤ በእኔ ልጅ ላይ መሳቅ የሚፈቀድልኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ አለቃሽ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። እጃቸው ግን ትከሻሽ ላይ ምን ይሠራል? ትዳር አላቸው? ዕድሜያቸውስ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ፎቶግራፉን ግድግዳዬ ላይ ከሰዓቱ በታች ሰቅዬዋለሁ። ሰዓት ለማየት ቀና ያለ ሁሉ እሱን ሳያይ አይመለስም።

ሚያዝያ ላይ የምትሰቅያቸውን ስድስቱን አስቀድመሽ ላኪልኝ።

እትዬሽ

ኅዳር 29 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ሥራ ውጦኝ ነው።

እትዬ፣ ትምህርት ቤት የምንሠራውና እዚህ የሚሠራው ስማቸው አንድ ነው እንጂ የሚተዋወቁም አይመስለኝ። ትምህርት ቤት አንድ ካፖርት ለማንሣት ሳምንት ሙሉ ይሰጠኛል። እዚህ ጠዋት ስገባ፣ ባለ ጎማው መስቀያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልብስ ተሸክሞ ይጠብቀናል፤ ማታ ባዶውን መግባት አለበት። አንዷ በእንፋሎት ትተኩሳለች፤ ክንዷ ላይ የስፒል ትራስ እንደ ሰዓት አስራለች፤ ስትቆጣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች መልሳ ትሰካቸዋለች። አንዱ መብራት ይይዛል። ጫማው ነገ ወደ ሱቅ ስለሚመለስ ሶሉን በፕላስተር እንሸፍናለን። ከሁሉ በፊት የቀለም ካርድ እናነሣለን፤ ቀዩ ቀይ ሆኖ ካልወጣ የገዛው ሰው ልብሱን ይዞ ይመለሳል። የልብስ ድርጅቱ ሠራተኛ ከኋላችን ቆማ ስክሪኑን ትከታተላለች። «እጅጌው ተጨማደደ» ትላለች። እናቆማለን፤ እንተኩሳለን፤ እንደገና እናነሣለን። ጽሑፍ ለሚገባበት ባዶ ቦታ እንተዋለን። ብርሃን እስኪመጣ መጠበቅ የለም፤ ብርሃኑን የምናመጣው እኛ ነን። ሞዴሏ ልብስ ስትቀይር የልጇ ጥርስ እንዴት እንደወለቀ ታወራልናለች፤ «ዝግጁ» ስንላት ዞር ብላ ንግሥት ትሆናለች።

የመጀመሪያ ሰሞን በዚያ በመቆንጠጫ በያዝሁት ካፖርት አፍሬ ነበር። ለካ እዚህም የሚያዘው በመቆንጠጫ ነው! እኔ ጉድ መስሎኝ የደበቅሁትን እነሱ በትንሽ በትልቁ ለይተው በሣጥን አስቀምጠውታል።

ስለ አለቃዬ ለጠየቁኝ፦ ትዳር አልያዙም፤ ቤታቸው ስቱዲዮው ነው። ዕድሜያቸውን አይናገሩም፤ ፀጉራቸውን ይቀባሉ። ምሳ አብረን እንበላለን። ባለፈው ከሰው ለይተው ጠሩኝና «እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ከእኔ ጋር ቅሪ» አሉኝ። ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ማለታቸው ነው። እንደዚያ ከሆነ ትምህርቱ ይቋረጣል። ገና አልመለስሁላቸውም።

ስድስቱን ፎቶ ላኪ ብለውኝ ነበር። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ሚጢ

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለሚጢ፤

ጤና ሁኚ። ሰላምታዬን ያሳጠርሁት ስለቸኮልሁ ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «እኔ» የሚለው ቃል መቀመጫ አሳጥቶኝ ነበር፤ ተኮስሁ፣ ጠረግሁ፣ ጠበቅሁ። በዚህኛው እናነሣለን፣ እንተኩሳለን፣ እንሸፍናለን ነው። አንድም ቦታ «አነሣሁ» አላልሽም። አራሚን በሌላ ነገር አታልዪ፤ በግስ ግን አትሞክሪ። የራስሽን ሥራ ካቆምሽ ከርመሻል። ስድስቱን ያልላክሽው የሉም ማለት ነው።

የስቱዲዮውን ሥራ አልነቅፍም። እንዲያውም ኮርቻለሁ። ሰው የሚገዛውን ልብስ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ማሳየት ቀላል ሐቀኝነት አይደለም። የጫማውን ሶል በፕላስተር ትሸፍናለች ብዬ ለልብስ ሰፊው ስነግረው፣ መቀሱን አስቀምጦ ነው ያዳመጠኝ። ይሁን እንጂ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ፣ ማንም «ቅሪ» ስላለሽ አትቀሪም።

ሁለተኛው ነገር። ያላገባ፣ ዕድሜውን የሚደብቅ፣ ፀጉሩን የሚቀባ ወንድ ልጄን ከሰው ለይቶ «ከእኔ ጋር ቅሪ» ሲላት፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ጉልበቴ አልጽፍም። እንደምታዪው አንቱ ማለቱንም ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን አንድ ቃል ሳትቀንሺ ተርጉመሽ አንብቢለት።

«ይድረስ ለስቱዲዮው ባለቤት። ጌታዬ፤ የልጅቷ እጅ እንደማይንቀጠቀጥ እኛ ከእርስዎ በፊት እናውቃለን። የሚፈልጓት ለሥራ ከሆነ እስከ ሚያዝያ ይታገሡ፤ ትምህርቷን ትጨርስ። ለሌላ ጉዳይ ከሆነ ግን ብዙ አጎቶች እንዳሏት ይወቁ። ከአክብሮት ጋር፣ የአያቷ እህት።»

አጎቶችሽ ሁለት ብቻ መሆናቸውን አትተርጉሚለት።

እትዬሽ

ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ፣ ለተቆጡና ለተፈሩ እትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ሆዴን አሞኛል፤ በሳቅ።

አለቃዬ ሴት ናቸው።

በዚህ አገር ቋንቋ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔም ፊት ለፊት «አንቺ» ነው የምላቸው። ለእርስዎ ስጽፍ ግን እንዲህ ያሉትን ትልቅ ሰው «እሷ» ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። አንቱታው ሴትነታቸውን እንደሸፈነብዎ ልብ አላልሁም። ትልቅ ሰው አንቱ በይ እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ጥፋቱን እኩል እንካፈል።

ደብዳቤዎን ሁሉም በተሰበሰቡበት አንድ ቃል ሳልቀንስ ተርጉሜ አነበብሁ። «ጌታዬ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ የምትተኩሰው ልጅ መቆም አቅቷት ልብሱ ላይ ተቀመጠች። እንደገና መተኮስ ነበረበት። አለቃዬ ግን አልሳቁም። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ይህች ሴት ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ጡረታ የወጡ አራሚ ናቸው።»

«ታዲያ ቤት ተቀምጣ ምን ትሠራለች? አምጥተሽ ከስክሪኑ ኋላ አቁሚልኝ» አሉ። ቀጥለውም «ትምህርት እንደሚቋረጥ መቼ ነገርሽኝ? እስከ ሚያዝያ እጠብቃለሁ። ባዶ እጅሽን ግን እንዳትመጪብኝ» አሉኝ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ግሱ ነግሮብኛል። ከመስከረም ወዲህ የራሴ የምለው አንድ ፎቶ የለኝም። ስለዚህ አለቃዬ ካሜራውን ባስያዙኝ ቀን ከተነሡት ስድስት አስፈቅጄ መረጥሁና ለመምህሬ ወሰድሁለት። ንጹሕ ናቸው፣ እትዬ፤ የክሩ አካሄድ እንኳ ይታያል። አንድ በአንድ አገላበጣቸው። «ቆንጆ ነው። አንቺ የት አለሽ?» አለኝ።

እሳቸው ልብሱ የት አለ ይላሉ፤ እሱ አንቺ የት አለሽ ይላል። እኔ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬና እጅ መታጠቢያው መካከል ተቀምጬ ካሜራዬን አየዋለሁ፤ ካሜራዬም ያየኛል። ጊዜው እየሄደ ነው። የማንን ልስማ?

ልጅዎ ሚጢ

ጥር 25 ቀን

ለልጄ፤

ልብሽን ያረጋጋልሽ። አለቃሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። «ጌታዬ» የሚለውን ሰርዘሽ «እመቤቴ» በዪው፤ የቀረው እንዳለ ይቆይ።

የማንን ልስማ ላልሽው፣ እኔ ካሜራ አላውቅም፤ ገጽ አውቃለሁ። ማተሚያ ቤታችን ሁለት ዓይነት ጸሐፊ ይመጣ ነበር። አንደኛው የሚናገረው ነገር ነበረው፤ ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ አልቆ ማን ማንን እንደመታ አይታወቅም። ሁለተኛው ነጠላ ሰረዝ አይስትም፤ አንብቤ ስጨርስ ግን እሱ ይጻፈው ሌላ ሰው ይጻፈው ለእኔ ልዩነት አልነበረውም። ለመጀመሪያው ቀይ ቀለም ጨርሼ መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀምጬ ማረሚያ ቦታ እንኳ አጣለሁ።

ይህን ስል ተማሪዋ ሚጢ ከባለሙያዋ ሚጢ ትበልጣለች ማለቴ አይደለም፤ አትኩራሪ። ተማሪዋ ካፖርቱን በኀዘኗ ሸፍናዋለች። ባለሙያዋ ራሷን በካፖርቱ ሸፍናለች። ሁለታችሁም መሸፈን ወዳችኋል። ከአለቃሽ የተማርሽውን ይዘሽ ወደ መምህርሽ ሂጂ እንጂ፣ አንዳቸውን ለማስደሰት ሌላውን አትርሺ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ። ስለ ስቱዲዮው በጻፍሽልኝ ረጅም ደብዳቤ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ልብስ አንዱ እንኳ ትዝ አይለኝም። ክንዷ ላይ የስፒል ትራስ ያሰረችውን ግን ከፊቴ ቆማ አያታለሁ። ስትቆጣ ስፒል ትነቅላለች ብለሽኛል። ያንን ሳታዪ አልጻፍሽውም። ከዚህ በላይ ብናገር ሥራውን የሠራሁልሽ እኔ እሆናለሁ።

እስከ ሚያዝያ ደብዳቤ አትጻፊልኝ። ፎቶ አንሺ። ይህን እንደ ትእዛዝም እንደ ማዕረግም ልታነቢው ትችያለሽ፤ አጻጻፉ አንድ ነው።

እትዬሽ

ግንቦት 2 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

እንዳዘዙኝ ዝም ብዬ ከረምሁ። ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ ባውቅ ኖሮ ትእዛዙን አልቀበልም ነበር። ጤናዎንና ጉልበትዎን ከመጠየቄ በፊት ይህን ልበል፦ አለፍሁ! አሁን ጤናዎ እንዴት ነው?

የሰቀልኋቸው ስድስቱም የሥራ ልብስ ናቸው፤ በባለቤቶቻቸው ላይ እንዳሉ። የምትተኩሰው ልጅ ካውያ የነካው ሽርጧን ለብሳ፤ መብራት የሚይዘው ሰው ጉልበቱ የሳሳ ሱሪውንና ጓንቱን አድርጎ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ለእያንዳንዳቸው እንደ ስቱዲዮው በመጀመሪያ የቀለም ካርድ አነሣሁ፤ ስፌቱ፣ ኪሱ፣ ቃጠሎው ሳይቀር እንዲታይ አደረግሁ። ከዚያ እንደ ትምህርት ቤቱ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ብርሃኑን ሳይሆን ሰዎቹን። ሰው መነሣቱን እስኪረሳ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ በተለይ ሰው ሲነሣ የኖረበት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው።

የምትተኩሰው ልጅ ሽርጧን ልትተኩስ ብድግ አለች።

«አይተኮስም» አልኋት።

«ተጨማዶ ሊሰቀል ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ስትተኩሺ የዋልሽ ነው የሚልሽ።»

ከስፒሎቹ ሁለቱን ነቀለች። ሦስተኛውን ስትነቅል አነሣኋት።

አለቃዬ እምቢ ብለው ቆዩ። በመጨረሻ ግራጫ ገዋናቸውን እንደለበሱ ካሜራው ፊት መጡ። ያንን ሁሉ ሰው እንዲህ ቁም፣ እንዲያ ዙሪ ሲሉ የኖሩ ሴት እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፋባቸው። «የት ላድርገው?» አሉኝ። እኔን! «ዘወትር የሚያደርጉበት» አልኋቸው። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ኪሱ በሜትርና በመቆንጠጫ ብዛት ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል።

የፈተናው ዕለት ከፈታኞቹ አንዷ ሽርጡ ፊት ቆመች። «ይህ የየትኛው ድርጅት ልብስ ነው? የት ይሸጣል?» አለች። ባለቤቷ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ «የእኔ ነው። አይሸጥም» አለቻት። መምህሬ ስድስቱንም ከዳር እስከ ዳር ሄዶ አይቶ ተመለሰና «አገኘሁሽ» አለኝ። አለቃዬ የራሳቸው ፎቶ ፊት ቆዩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅሁ።

«ኪሱ በደንብ ወጥቷል» አሉ።

እትዬ፣ ከእሳቸው አፍ ይህን የሰማ ሰው በስቱዲዮው ውስጥ የለም። ከሰኔ ጀምሮ እገባለሁ፤ ለልምምድ አይደለም፣ በፎቶ አንሺነት።

ስድስቱን ከዐውደ ርእዩ ወረቀት ጋር ልኬልዎታለሁ።

ልጅዎ ሚጢ

ግንቦት 21 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ፎቶ አንሺ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ሥራዎ እንደምን ይዞዎታል? እጅዎና ዓይንዎ ሳይለያዩ ዘመንዎን ሁሉ እንዲያገለግሉዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፖስታውን ከፖስታ ቤት ይዤ ስመለስ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ጉልበቴን ያስታወስሁት ቤት ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ስድስቱም ፎቶግራፎች ሳይታጠፉ ደርሰውኛል። ጠረጴዛዬን አጽድቼ በተርታ ደረደርኋቸው። ልብስ ሰፊው ወጥቶ አያቸው፤ መሬት ተንበርክኮ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አስጠግቶ የሽርጡን ስፌት ተከተለ። ወረደና ደንበኞቹን ይዞ መጣ። «ይህ የእኛ ልጅ ሥራ ነው» ሲላቸው ሰማሁ። «የእኛ» ያለውን ላርመው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውሁት።

የዐውደ ርእዩን ወረቀት እንደ ልማዴ ከትንንሾቹ ፊደላት ጀምሬ አነበብሁት። ቋንቋው የሰው አገር ቢሆንም ፊደሉን በልጅነቴ ትምህርት ቤት አስቆጥረውኛል፤ የሳትሁ ቀን ምሳ አልነበረም። ስምዎ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር በደቃቁ ታትሟል። ፊደል አልጎደለም፤ ፊደል አልተረፈም። እኔ የሥራ ዘመኔን ሁሉ የሰው ስም ሳይዛባ እንዲታተም ስጠብቅ ኖርሁ፤ የቤታችንን ልጅ ስም አርም ዘንድ አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። ጣቴን ከሥሩ እያሳለፍሁ ደጋግሜ አረምሁት። የሚታረም አልነበረበትም።

ማመስገን ብቻ አልለመደብኝምና አንድ ነገር ልጥቀስ። አራተኛው ላይ የመብራት ያዡ የግራ ጫማ ጫፍ ተቆርጧል። አውቀው አድርገውት ከሆነ ምክንያቱን ይጻፉልኝ። ሳያውቁ ከሆነ በሚቀጥለው ይጠንቀቁ።

አለቃዎን ስለ እኔ እጅ ይንሡልኝ። የሴት ልጅ ሥራ ስታይ መጀመሪያ ኪሱን የምታይ ሴት፣ አብረን ብንሠራ ኖሮ አንጣላም ነበር፤ ወይም ዕለት ዕለት እንጣላ ነበር።

ይህን ደብዳቤ አርመው እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ፤ ዓይኔ እንደ ቀድሞው አይደለም። አንቱታውን ግን አይንኩት። ስሕተት አይደለም።

አክባሪዎ፣
የአያትዎ እህት